ደሴ የለቀቀችው ኮምቦልቻ ይደርሳል

የደሴን የሐምሌ ዝናብ ለደሴ ሰው አይነግሩትም። ከጦሳ ተራራ ቁልቁል የሚወርደው ጎርፍ ድንጋይ እያንከባለለ፣ ፌስታልና ሃይላንድ እየገፋ ቦርከና ወንዝ ይገባል። ሲያባራ አስፋልቱ ታጥቦ እናይና «ተመስገን፣ ከተማው ጸዳ» እንላለን። ቆሻሻው ወደ ታች ሄደ እንጂ የትም አልጠፋም።

ብዙ ሰው የመንገድ ዳር ቦይ ውስጥ የገባ ነገር የሆነ ቦታ ላይ የሚጣራ ይመስለዋል። አይጣራም። እንዳለ ነው ወንዝ የሚገባው። ቦርከና ደግሞ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው ከተማችን ወርዶ 1850 ሜትር አካባቢ ላይ ያለችውን ኮምቦልቻን ያገኛል፣ ከዚያ በከሚሴ በኩል የጨፋን ሜዳ አልፎ መጨረሻው አዋሽ ነው። እስከዚያ ድረስ ስንቱ አትክልት ያጠጣበታል፣ ከብት ያጠጣበታል፣ ልብስ ያጥብበታል።

ስለ ቦርከና ሲወራ ጣት የሚቀሰረው የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ላይ ነው። እውነት ነው፣ በለዮሌና በወርቃ ወንዞች በኩል የፋብሪካ ፍሳሽ ቦርከና እንደሚገባ ተጠንቶ የታወቀ ነገር ነው። መጠየቅም አለባቸው። የብክለት ቁጥጥር አዋጁ ከወጣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ክረምት አለፈ! ግን ላይኛው ሰፈር ያለነው እኛስ?

ሁላችንም የምናውቀውን፣ አፍ አውጥተን ግን የማንናገረውን ልናገር። ዝናብ ጠብቆ ሽንት ቤት መልቀቅ። ማታ ዝናቡ ሲጠነክር፣ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ሲቀመጥ፣ አንዱ ቀስ ብሎ ወጥቶ የጉድጓዱን ቱቦ ይከፍተዋል። ጎርፉ ይወስድለታል። ጠዋት ሕፃናት በዚያው ቦይ ተሻግረው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ አተት ገባ ሲባል ደግሞ ሁላችንም እንደነግጣለን። ይህን የሚያደርገው ሰው ሁሉ ክፉ ነው አልልም። የፍሳሽ መምጠጫ መኪና ማስመጣት ለብዙ ቤተሰብ ውድ ነው፣ በእኛ አቀበትና ቁልቁለት፣ በዚያ ጠባብ ኮረኮንች ደግሞ መኪናው እንኳን ሊገባ መዞሪያም የለው። ስለዚህ ቅጣት ብቻውን አይሠራም። ረጅም ቱቦ ያለው መኪና፣ አቅም በሚመጥን ዋጋ፣ ክረምት ሳይገባ በየሰፈሩ ተራ ወጥቶለት መዞር አለበት። ይህ ተመቻችቶለት የሚለቅ ሰው ከተገኘ ያኔ ያለ ምሕረት ይቀጣ።

ጋራዥና ላቫጆ ያላችሁም ስሙ። የተቃጠለ ዘይት መሬት ላይ ሲደፋ ደርቆ የጠፋ ይመስላል። አልጠፋም፣ ዝናብ እየጠበቀ ነው። በደረቁ ወራት መንገድ ላይ የተጠራቀመው ዘይት፣ ፋንድያና አቧራ አብዛኛው የሚታጠበው በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ነው፣ በጣም ቆሻሻው ጎርፍም ያ ነው። በርሜል አስቀምጡ፣ ዘይቱን እዚያ አጠራቅሙ፣ የፈሰሰውን በአሸዋ ወይም በሰጋቱራ አንሱት። ብዙ ወጪ የለውም።

የሚያናድደኝ ግን የቦይ ጠረጋው ነው። ብዙ ቦታ የሚጀመረው ሰኔ ሲጋመስ ነው። ወጣቱ ቦቲውን አድርጎ፣ አካፋውን ይዞ፣ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ይለፋል። የወጣው ደለል እዚያው ቦዩ ዳር ይከመራል። ጥቁር ጭቃ ነው፣ ይሸታል፣ ውስጡ የጫት ገረባ፣ ፌስታል፣ የኦሞ ላስቲክ፣ አንድ እግር ሸራ ጫማ ሳይቀር አለበት። የሚያነሳው መኪና ነገ ይመጣል ይባላል። ማታ ይዘንባል፣ ክምሩ ተመልሶ ቦዩ ውስጥ ይገባል። የዚያ ሁሉ ልጅ ልፋት በአንድ ሌሊት ውኃ በላው ማለት ነው።

ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል። ሰኞ ገበያ ላይ ዘንቢልና የጨርቅ ከረጢት በርካሽ ካልቀረበ ግን ወረቀት ላይ ይቀራል። የኮሪደር ልማቱም ቦይ እየሠራ ነው፣ ጥሩ። ክዳኑ ተከፍቶ የሚጠረግ ይሁን፣ መግቢያውም ላይ የብረት ፍርግርግ ይደረግበት፣ አለበለዚያ ቆሻሻውን ከዓይናችን ብቻ ነው የምንሸፍነው።

ለዘንድሮ ክረምት ከከተማ አስተዳደሩ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የበልጉ ዝናብ እንዳቆመ፣ ግንቦት ላይ ጠረጋው ይጀመር። ገልባጩ ከጠራጊዎቹ ጋር አብሮ ይምጣ፣ የወጣውም ደለል በዚያው ቀን ይነሳ። መኪና ያልተመደበለት ሰፈር ጠረጋ አይጀመርበት።