«ልጅ ለመገልበጥ ብር አይከፍልም» ላሉት ኃላፊ

የሰሞኑ የደሴ ወሬ ደርሷችኋል። በስፖርት ሳይንስ የተመረቁ ወጣቶች ተደራጅተው የልጆች ጂምናስቲክ ክለብ ልንከፍት ነው፣ ሼድ ወይም አዳራሽ ይሰጠን፣ ብድርም ይመቻችልን ብለው አመለከቱ። መልሱ «ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ዘርፎች ውስጥ የለም» ሆነ። እሱንስ ለምደነዋል። እኔን ያበገነኝ በኋላ የመጣው ነው። በወጣቶች ስብሰባ ላይ ጉዳዩ ሲነሣ አንድ ኃላፊ «ልጅ ለመገልበጥ ብር አይከፍልም። ሜዳ ወጥቶ በነጻ ይገለበጣል። እናንተ የሚያበላ ሥራ ፈልጉ» አሉ። ተሰብሳቢውም ሳቀ።

ለመሆኑ የትኛው ሜዳ? ከጦሳ ተራራ ሥር እስከ አዝዋ ገደል ያለችው ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ናት። ክፍት የነበረው ቦታ አንድም ቤት ተሠርቶበታል፣ አንድም መኪና ቆሞበታል። የሆጤ ሜዳ አለ እንዳይሉን፣ ሆጤ ለኳስ ተጫዋቹም አልበቃ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዝናቡ፣ ጭቃውና ብርዱ ልጁን ቤት ቆልፎ ስልክ ላይ ይጥለዋል። ኃላፊው የሚያወሩት እርሳቸው ልጅ ሳሉ ስለነበረው ሜዳ ይመስለኛል።

በነጻ ነው ያለውስ ማን ነው? ድንጋይ ላይ ያለ አስተማሪ የሚገለበጥ ልጅ ሒሳቡን ወጌሻ ቤት ይከፍላል። ክንዱ ተጣምሞ የቀረ ጎልማሳ በየሠፈሩ አለ። ጠይቁት፣ «ልጅ ሆኜ ስገለበጥ» ብሎ ይጀምርላችኋል።

አሠልጣኝ ያለበት ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሠራ ኃላፊው አይተው የሚያውቁ አልመሰለኝም። የመጀመሪያው ትምህርት መገልበጥ አይደለም፣ መውደቅ ነው። ልጁ ፍራሹ ላይ ቁጢጥ ይላል። አገጩን ደረቱ ላይ ይለጥፋል። ጀርባውን እንደ ጀበና ሆድ ያጎብጣል። መዳፎቹን ከፊቱ አስቀምጦ ይንከባለላል። ፍራሹን የሚነካው ከማጅራቱ ዝቅ ብሎ ትከሻው ነው፣ አናቱ አይደለም። አሠልጣኙ በርከክ ብሎ አንድ እጁን ማጅራቱ ላይ፣ ሌላውን ጭኑ ሥር አድርጎ ያሳልፈዋል። ወደ ኋላ ሲወድቅ ደግሞ ክንዱን ከኋላው ቀጥ አድርጎ መሬት ላይ እንዳይተክል ይማራል። የእጅ አንጓና ክርን የሚሰበረው እንዲያ ሲሆን ነው። ይህ ብቻ ሳምንታት ይፈጃል። በእጅ መቆም፣ ያውም ግድግዳ ተደግፎ፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ይህን ያስተማረ ሰው ሥራ አልሠራም?

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። ወላጅ አይከፍልም የሚል ሰው ዒድ ወይም ፋሲካ ዕለት ከቤቱ ወጥቶ አያውቅም። በበዓል ቀን ልጅ የያዘ ሁሉ በአየር የተነፋ ፕላስቲክ ቤት ፊት ይሰለፋል። ልጁ ጫማውን አውልቆ ጥቂት ደቂቃ እንዲዘል ይከፍላል። ሰዓቱ ሲያልቅ ልጁ ያለቅሳል፣ አባት ድጋሚ ይከፍላል። አሠልጣኝ የለም፣ ማንም ምንም አይማርም፣ ትልቁ ትንሹ ላይ ይወድቃል። ይህ ሥራ ነው፣ ያበላልም። ያው ልጅ በሳምንት ሦስት ቀን አሠልጣኝ አጠገቡ ቆሞ ሲዘል ግን ሥራ አይደለም ተባልን።

በአዘቦቱም ቀን እኮ ይከፈላል። ለአስጠኚ ይከፈላል። ለክረምት ትምህርት ይከፈላል። ፕሌይስቴሽን ቤት ልጁ ራሱ ከኪስ ገንዘቡ ይከፍላል፣ አንዳንዴም ከእናቱ ቦርሳ። የደሴ ወላጅ እንደ ሌላው ሰው ሁሉ ኑሮ ከብዶታል፣ ለልጁ ግን አይሰስትም። ያጣው ልጁን አምኖ የሚያውልበት ቦታ ነው። ኮምቦልቻ ብትወርዱ ደግሞ ይብሳል። ፋብሪካና ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በፈረቃ የምትሠራ እናት፣ ልጇ ከትምህርት ቤት ወጥቶ እሷ ቤት እስክትደርስ ማን ይያዝላት? ጎረቤት እንዳትሉኝ። ጎረቤቷም ፈረቃ ላይ ናት።

እስቲ ሒሳብ እንሥራ። 60 ልጅ ይመዝገብ። በ15 በ15 አራት ቡድን ይሁን። እያንዳንዱ በወር 600 ብር ይክፈል። 36,000 ብር ነው። ልጅ ከ10 ሰዓት በፊት ስለማይመጣ ቀኑን ሙሉ ቤት መከራየት አያስፈልግም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ10 እስከ 12 ሰዓት፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ በቃ። በዚህ አራቱም ቡድን በሳምንት ሦስት ሦስት ሰዓት ይደርሳቸዋል። ስንት የትምህርት ቤትና የቀበሌ አዳራሽ ነው በዚያ ሰዓት ተቆልፎ አቧራ የሚጠጣው?

ዕቃው በዶላር የሚመጣ ነው የሚልም አለ። ውድድር ላይ የምናየው ቢም የሚባለው የሚዛን መጠበቂያ 5 ሜትር ርዝመት፣ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ከ25 ከፍታ አለው። የስድስት ዓመት ልጅ ከፍታው ምን ያደርግለታል? በ10 ሴንቲ ስፋት ወለሉ ላይ መስመር ይሰመርለታል። እሱን ሳይወላገድ ሲሄድ አናጢ የሠራው እንጨት መሬት ላይ ይጋደምለታል። ፍራሹ ጠጠር ካለ ስፖንጅና ከሸራ እዚሁ ይሰፋል። የሚንጠለጠሉበትን ብረት ብየዳ ቤት ይሠራዋል፣ ትልቅ ሰው ተንጠልጥሎ ይሞክረዋል። አናጢውም፣ ሰፊውም፣ በያጁም እንጀራ አገኙ ማለት ነው። ገቢው ወር በወር እኩል አይሆንም። ፈተና ሲደርስ ይቀንሳል፣ ረመዳን ሲገባ ሰዓቱ ይሸጋሸጋል። ክረምት ላይ ግን ልጁ ቀኑን ሙሉ ነጻ ነው፣ ወላጅም የሚያደርግበት ጠፍቶት ይጨነቃል።

እስቲ ከቅድሚያ ዘርፎቹ ጋር እናስተያየው። ዶሮ እርባታ ቅድሚያ አለው። መኖ ሲወደድ ስንቱ ዶሮ ቤት ነው የተዘጋው? ብሎኬት ቅድሚያ አለው። ሲሚንቶ ሲጠፋ ስንቱ ማኅበር ተበተነ? ሼዱን ተቀብሎ ለነጋዴ መጋዘን ያከራየውንስ ማን ጠየቀው? የጂምናስቲክ ክለብ መኖ አይፈልግም፣ ሲሚንቶም አያሰልፍም። ደንበኛው ደግሞ በየዓመቱ ይወለዳል።

ነገሩ ወዲህ ነው። መዝገቡ ላይ ሥራ ማለት ተቆጥሮ የሚጫን ነገር ነው። እንቁላል ይቆጠራል፣ ብሎኬት ይቆጠራል፣ ጎብኚ ሲመጣ ይታያል፣ ሪፖርት ላይ ያምራል። «ይህን ያህል ልጅ አንገቱን ሳይጎዳ መውደቅ ቻለ» የሚል ዓምድ ቅጹ ላይ የለም። ለትልልቁ ነገርማ ሁላችንም እናጨበጭባለን። ወልድያ ላይ በ2009 ዓ.ም. ያ ግዙፍ ስታዲየም ሲመረቅ አጨብጭበናል፣ ይገባዋልም። ስታዲየም ግን ተመልካች ነው የሚይዝ። ለትንሽ ልጅ ደረቅና ጠፍጣፋ ወለል ያለው አንድ ሰፊ ክፍል ይበቃዋል። የ2014ቱን የጦርነት ጥቅምትና ኅዳር በእናታቸው ጀርባ ታዝለው ያሳለፉ ሕፃናት ዛሬ ፊደል ቆጥረዋል። ለእነሱ አንድ ክፍል እንኳ ማግኘት ይህን ያህል ካስቸገረ ምን ይባላል?

«ባህላችን አይደለም» ያሉም አልጠፉም። ሰርከስ ኢትዮጵያ በ1980ዎቹ አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር የሠፈር ልጆችን ይዞ ነው። እነዚያ ልጆች በኋላ የአውሮፓን መድረክ ረገጡ። ደብረ ብርሃንም የራሷ ሰርከስ አላት፣ ያውም በዚሁ በእኛ መንገድ ላይ። ባህሉ ጣርማ በር ላይ ነው እንዴ የሚቆመው? ከዒድ እስከ ሠርግ እስክስታ ሲወርድ እያየ ያደገ የወሎ ልጅ ሰውነቱን ማዘዝ አይሳነውም።

«እኛ የሩጫ አገር ነን» የሚለውም መጥቷል። በ2016 ዓ.ም. ክረምት በፓሪስ ኦሎምፒክ ለአልጄሪያ የተሰለፈችው ካይሊያ ኔሙር በሴቶች የሁለት ዘንግ ውድድር ወርቅ ወሰደች። በጂምናስቲክ የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ናት። ተወልዳ ያደገችው ፈረንሳይ ነው ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። አዳራሹ ያለው እዚያ ነዋ! ደግሞ ወጣቶቹ ሜዳሊያ እናመጣለን አላሉም። ልጅ እናሠለጥናለን፣ ከዚያም እንጀራ እንበላለን ነው ያሉት።

ልጅን ያቀጭጫል የሚለው ወሬ ከሆነ፣ ቴሌቪዥን ላይ የምታዩአቸው አጫጭር የሆኑት ስፖርቱ አጫጭሮችን ስለሚመርጥ ነው። ቅርጫት ኳስ የሚጫወት ሁሉ ረጅም የሆነው ኳሷ ጎትታው አይደለም።

አንድ ነገር እሰጣለሁ። ዩቲዩብ አይቶ ልጅን ዘቅዝቆ የሚይዝ ሰው ፈቃድ ማግኘት የለበትም። የብቃት ማረጋገጫ ይጠየቅ። አዳራሹ ውስጥ ሁሌም ሁለት አዋቂ ይኑር። የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን ይሰቀል። ለሴት ልጆች ሴት አሠልጣኝ ትኑር። ሰዓታቸው ለብቻ እንዲሆን የሚፈልግ ወላጅም ይደመጥ፣ ወሎ ውስጥ ይህ ያልገባው ክለብ አንድ ወር አይቆይም። ግን እነዚህ ወጣቶች እኮ ይህንኑ ነው አራት ዓመት የተማሩት! በመንግሥት ገንዘብ አስተምረን፣ አስመርቀን፣ ጋዋን አልብሰን ፎቶ አንስተን፣ ሲመጡ ዶሮ አርቡ እንላቸዋለን። እነሱን ብንከለክልም ነገሩ አይቀርም። ያልተማረ ሰው ጋራዥ ውስጥ ሲሚንቶ ላይ ይጀምረዋል፣ ያኔ ኃላፊው ስለ ልጆች ደኅንነት ስብሰባ ይጠሩናል።

ብድሩ ይቅር። ሼዱም ይቅር። ከ10 እስከ 12 ሰዓት የተቆለፈ አንድ አዳራሽ በኪራይ ይከፈትላቸው፣ ንግድ ፈቃዱም ይሰጣቸው። አያዋጣም የሚባል ከሆነም ራሳቸው ገብተው ይክሰሩ። ዶሮ አርቢው ሲከስር ማን ከለከለው?