ጅዳ ያለችው ልጅና አራተኛ ፎቅ ያሉት ልጆች

ባለፈው እሁድ የግቢያችን ነዋሪዎች ስብሰባ ነበረን። የምኖረው ጎፋ አካባቢ ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ ነው። አጀንዳው ሁለት ነበር፤ የተቃጠለው የውሃ ፓምፕና የጥበቃዎቹ ደመወዝ። ፓምፑ በአሥር ደቂቃ አለቀ። ደመወዙም ብዙ አላከራከረም። ከዚያ አንድ ጎረቤቴ እጁን አወጣና «ሌላም ጉዳይ አለ» አለ። «ግቢውን ሕገወጦቹ ሞልተውታል። ማን እንደሚገባ፣ ማን እንደሚወጣ አይታወቅም። ኪራዩንም ያስወደዱብን እነሱ ናቸው።»

የማንንም ስም አልጠራም። ግን ሁላችንም ገብቶናል። ብሎካችን ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ አምስት የኤርትራ ልጆች ይኖራሉ። ሰዉም «ልክ ነው» እያለ ማጉረምረም ጀመረ።

አጠገቤ የተቀመጡት እናትም ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነቱን ነው» አሉ ቀስ ብለው። የእኚህ ሴት ልጅ ጅዳ ናት። የሄደችው በጅቡቲዋ ኦቦክ፣ በየመን አድርጋ ነው፤ በባህር። ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የላትም። አምና ፍተሻው ሲጠነክር ሦስት ሳምንት ሙሉ ከተጠለለችበት ክፍል አልወጣችም። ያኔ እናትየውን ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። ስልካቸውን ጨብጠው ያለቅሱ ነበር። «ምን በደለቻቸው? ሠርታ እኮ ነው የምትበላው» አሉኝ።

እሁድ ዕለት ይህ ሁሉ ትዝ አለኝ፤ ግን ዝም አልኩ። ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክነኝ የሰነበተውም ይኸው ዝምታዬ ነው።

እኚህ እናት ክፉ ሰው አይደሉም። ለፋሲካ ለአራተኛ ፎቅ ልጆች ድፎ ዳቦ የላኩላቸው እሳቸው ናቸው። ልጆቹ «አደይ» እያሉ ነው የሚጠሯቸው። ፓምፑ በተቃጠለ ሰሞን ጄሪካናቸውን ተሸክሞ አምስተኛ ፎቅ ያወጣላቸው ከልጆቹ ታናሹ ነው። ታዲያ እሁድ «እውነቱን ነው» ሲሉ ስለዚህ ልጅ መናገራቸው አይመስለኝም። «ሕገወጦቹ» የሚባሉት ሌሎች ናቸው። የት እንዳሉ አይታወቅም፤ ፊት የላቸውም። በዚህ ቃል ሰበብ ዳቦ ስለምንልክለት ልጅ ክፉ መናገር ይቻላል፤ ያውም የተናገርንበት ሳይመስለን።

ቅሬታውን ግን አላናንቀውም። ኪራይ ወጥቷል፤ ሰዉ ተጨንቋል። ስለዚህ መጀመሪያ ስለ ኪራዩ እናውራ።

ከወራት በፊት ለእህቴ ልጅ ቤት ስፈልግ አንድ ደላላ ባለ ሁለት መኝታ አሳየኝ። «ለኛ ሰው 20 ሺህ ነው» አለኝ። «ለኤርትራ ከሆነ 30፤ ያውም የስድስት ወር ቅድሚያ።» ቤቱ ያው ቤት ነው። የሚፈሰው ቧንቧም ያው ነው። ተከራዩ ሲናገር አማርኛው ወደ ትግርኛ ካዘነበለ ዋጋው አሥር ሺህ ይጨምራል። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን አዟል፤ ጭማሪውም መንግሥት ካወጣው መጠን እንዳያልፍ ከልክሏል። ግን ወረቀት የሌለው ተከራይ የት ሄዶ ይከሳል? አከራዩም ደላላውም ይህን አሳምረው ያውቃሉ።

እንግዲህ ኪራዩን ያስወደደው ማነው? 30 ሺህ የጠየቀው ነው ወይስ አማራጭ አጥቶ የከፈለው?

ልጆቹ ዶላር ስላላቸው ነው ይባላል። እስቲ ይህን ዶላር ጠጋ ብለን እንየው። አራተኛ ፎቅ ያሉት አምስቱ በሁለት ክፍል ነው የሚያድሩት። አንዱ የሚላክለት ስቶክሆልም አረጋውያን ከምትንከባከብ እህቱ ነው። ሌላው ጀርመን መጋዘን ውስጥ ከሚሠራ ወንድሙ። ገንዘቡ በየወሩ ለኪራይ፣ ለምግብና «ፕሮሰስ» ለሚሉት ነገር ያልቃል። ካናዳ ያሉ ዘመዶች ተሰባስበው ስፖንሰር ያደርጓቸዋል፤ ከዚያ ዓመታት ይጠበቃል። አንደኛው አራት ዓመት ጠብቋል። ምን እየሠራህ ነው ስትሉት «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» ይላችኋል። ሥራው መጠበቅ ሆኗል። ስንት የእኛ ሰፈር ቤት አረብ አገር ባለች ልጅ ብር እንደሚተዳደር የሚያውቅ ሰው ይህን ሀብት አይለውም።

ይልቅ ትልልቆቹን ምክንያቶች ከረሳናቸው ራሳችንን ነው የምናታልለው። በ2005 ለኮንዶሚኒየም ከተመዘገበው ሰው ብዙው ዛሬም ዕጣ ይጠብቃል። ከ2016 ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ፒያሳና ካዛንቺስን በመሳሰሉ ሰፈሮች ብዙ ቤት ፈርሷል፤ ነዋሪው ተነሥቷል። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የብር አቅም ወረደ፤ የሲሚንቶውም የብረቱም ዋጋ ተከትሎ ናረ። ስደተኛው በአንዳንድ ሰፈር ፈላጊ ጨምሯል፤ ይህን አልክድም። የከተማዋን የቤት ችግር ግን አምስት ልጆች ትከሻ ላይ መጫን ግፍ ነው።

አሁን ወደ «ሕገወጥ» ልምጣ። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 በአፍሪካ ከወጡት የስደተኛ ሕጎች ለስደተኛ ሰፊ መብት የሰጠ ተብሎ ተሞግሷል። መሥራት፣ መንቀሳቀስ፣ የባንክ ሒሳብ መክፈት ተፈቅዷል። እኔም ያኔ ኮርቼበታለሁ። ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው፣ ከ2012 አጋማሽ ጀምሮ፣ ለኤርትራውያን የሚሰጠው የስደተኝነት እውቅና ጠበበ። ከዚያ በኋላ የመጣ ብዙ ሰው መመዝገብ አቃተው። በትግራዩ ጦርነት ደግሞ የሕጻጽና የሽመልባ የኤርትራውያን ስደተኞች መጠለያዎች ወደሙ። እዚያ የነበረው ሰው ተበተነ፤ አዲስ አበባም የገባ ገባ። ከአራተኛ ፎቅ ልጆች አንዱ የሕጻጽ ልጅ ነው። ወረቀት የለውም ስንል ወረቀቱን የሚሰጠው መስኮት መዘጋቱንም አብረን እንናገር።

ሳዑዲ የሠሩ እህቶቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። «ሁሩብ» የሚባል ነገር አለ። ሠራተኛዋ ደመወዝ ስትከለከል ወይም ስትደበደብ ከቤቱ ትወጣለች። አሠሪዋ፣ «ከፊል» የሚሉት፣ «ጠፋች» ብሎ ያስመዘግባል። በዚያች ቀን ሕገወጥ ሆነች። ያጠፋችው የለም፤ ስሟን በሌላ መዝገብ ያሰፈረው ሌላ ሰው ነው። ይህን ስንሰማ ደማችን ይፈላል። መፍላትም አለበት።

ጥቅምትና ኅዳር 2006ን አስታውሱ። ሪያድ፣ መንፉሃ። የምሕረት ጊዜው አልቆ አሰሳው ሲጀመር ወገኖቻችንን የገጠማቸው ፖሊስ ብቻ አልነበረም። የሰፈሩ ነዋሪም ዱላ ይዞ ወጣ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ቦሌ ሲወርዱ ነጠላ ጫማ እንኳ ያልነበራቸው ነበሩ። በነሐሴ 2015 ደግሞ ሂዩማን ራይትስ ዎች የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን የሚሻገሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን መግደላቸውን በሪፖርት አወጣ። ሳዑዲ መሠረተ ቢስ ብላ አስተባበለች። እኛ ግን ለወራት ስናለቅስና ስንቆጣ ከረምን።

በመንፉሃ ዱላ የያዘው ሰው ያን ቀን ጠዋት ተነሥቶ አይደለም የጠላን። አስቀድሞ ለዓመታት የሚያወራው ወሬ ነበረው። አበሾቹ ሰፈሩን ሞሉት፤ ወንጀል አመጡ፤ ማን እንደሚገባ ማን እንደሚወጣ አይታወቅም። እሁድ ስብሰባችን ላይ የሰማሁት ይህንኑ ነው፤ በአማርኛ። እኛ ዘንድ ዱላ አልተነሣም፤ እንዳይነሣም እጸልያለሁ። ወሬው ግን ያው ወሬ ነው፤ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

ደግሞ ለእኛ አዲስ አይደለም። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ አገር ውስጥ የኖሩ፣ እዚሁ የወለዱ፣ ዕድር የገቡ ሰዎች እየተለቀሙ በአውቶቡስ ተጫኑ። 70 ሺህ ገደማ ሰው ተባረረ። ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት መለስ ዜናዊ፣ መንግሥት የዓይናቸውን ቀለም ያልወደደላቸውን የውጭ ዜጎች እንኳ ማስወጣት ይችላል የሚል ይዘት ያለው ንግግር አደረጉ። ያ ንግግር እስከ ዛሬ አልተረሳም። ከኤርትራም በኩል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ተባረሩ። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ። የሰፈራችን ባለ ሱቅ አንድ ሌሊት ተወሰደ። በማግስቱ ሰዉ ስለ ሱቁ ዕቃ ሲያወራ እንጂ ስለ ሰውየው ሲያወራ አልሰማሁም።

መስከረም 1 ቀን 2011 ደግሞ ዛላምበሳ ላይ ድንበሩ ተከፈተ። ሰው ተቃቅፎ አለቀሰ። አዲስ አበባ ላይ «ከአስመራ ነው የመጣሁት» ያለ ሰው የቡና ሒሳብ ሲከፈልለት በዓይኔ አይቻለሁ። ዛሬ ስለ ቀይ ባሕርና ስለ አሰብ ወሬው ሲጋጋል ያው ሰው «ሰላይ ይሆናል» እየተባለ ነው። ልጁ የሸሸው እኮ ያንኑ መንግሥት ነው። በሕጉ 18 ወር የተባለው ብሔራዊ አገልግሎት መጨረሻ የለውም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሳዋ ወታደራዊ ማሠልጠኛ ገብተው ነው የሚጨርሱት። ከዚያ አምልጦ ድንበር ሲሻገር ሊተኮስበት እንደሚችል ያውቃል። እንዲህ አድርጎ የመጣን ልጅ የኢሳያስ ሰው ነህ ማለት ቁስሉ ላይ እንጨት መስደድ ነው።

ሱዳኖቹንም አንርሳ። ሚያዝያ 2015 ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲፈነዳ በመተማና በኩርሙክ ብዙ ሰው ገባ። አዲስ አበባ የደረሱት በየወሩ ቪዛ ማሳደስ፣ ካለፈባቸውም በዶላር መቀጣት ሆነ ኑሯቸው። ሳይችሉ ሲቀሩ እነሱም «ሕገወጥ» ሆኑ። ስንት አበሻ ካርቱም ላይ ሻይ ሸጦ ልጅ አሳድጓል? በ1977ቱ ረሃብ ገዳሪፍና ከሰላ ያስጠጉት ማንን ነበር? በ2013 ከትግራይ ሱዳን ከገቡት ከ60 ሺህ ከሚበልጡ ወገኖቻችን መካከል ተከዜን ተሻግረው ሐምዳይት የደረሱትን ብዙዎች ዕርዳታ ሳይደርስ ያበሏቸው የመንደሩ ገበሬዎች ነበሩ። ራሳቸው ያልተረፋቸው ሰዎች።

አገራችን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኛ አስጠልላለች። ሸክሙ እውነተኛ ነው። ከሁሉ በላይ የሚሰማውም ጋምቤላ ላይ ነው፤ እዚያ የተጠለሉት ደቡብ ሱዳናውያን ቁጥር ከክልሉ ነዋሪ ጋር የሚቀራረብ ነው። የጋምቤላ ሰው ቢያማርር ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ። ጎፋ ላይ ግን ያየሁት ሸክም አምስት ልጆች፣ አንድ የጋዝ ምድጃና በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ ነው።

ድንበር ይከፈት፣ ሕግ ይቅር አልልም። አገር ማን እንደገባ ማወቅ አለበት። ለዚህ ነው ይመዝገቡ የምለው። የተመዘገበ ሰው ስሙ ይታወቃል፤ ቢያጠፋ ይጠየቃል፤ ቢበደል ይከሳል። ኪራዩም በሕጉ መሠረት ይሆናል፤ ያኔ ደላላው በአነጋገሩ ዋጋ አይቆርጥለትም። ያልመዘገብነውን ሰው «አይታወቅም» ብሎ መክሰስ ግን ምን ይባላል? በሰኔ 2015 በመቶዎች የሚቆጠሩ ኤርትራውያን ወደሸሹት አገር በግድ መመለሳቸውን የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ባለሙያዎች ሲገልጹ እኛ ሰፈር ማንም አላነሣውም። ጅዳ ቢሆን ኖሮ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ላይ እናድር ነበር።

ከስብሰባው በኋላ የፓምፑን መዋጮ መዝገብ አየሁት። እያንዳንዱ ቤት 1,200 ብር ነው። ከብሎካችን አስቀድመው የከፈሉት ሦስት ቤቶች ናቸው፤ አንዱ የአራተኛ ፎቅ ልጆች ቤት ነው። ስብሰባው ላይ ግን አልነበሩም። የጠራቸው የለም።

ቀጣዩ ስብሰባ ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ነው። ትናንት ማታ ወጣሁና በራቸውን አንኳኳሁ። ታናሹ ከፈተ። ስለ ስብሰባው ነገርኩት፤ ሰዓቱንም ቦታውንም። ከኋላው ያሉትን ዘወር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ እኛም እንገባለን እንዴ?»