ይድረስ ለኖፓክ፤ ዶላር ሳይኖርህ ለከበርከው

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ መብራት ሲኖር ደህና ነኝ። ባሕር ዳርም ደህና ናት። ዘንባባው ቆሟል፣ እምቦጩ ጣና ላይ እንደተኛ ነው፣ ባጃጁም እንደ ልማዱ ፍሬቻ ሳያሳይ ይታጠፋል።

የመታወቂያ ስምህ ረጅም ነው፤ ሲቪኢ 2021-42278 እና ሲቪኢ 2021-42287። ሲቪኢ ለታወቀ የሶፍትዌር ቀዳዳ የሚሰጥ መለያ ቁጥር ነው። ሁለት ቀዳዳ፣ አንድ ሌባ። ለአለቆቼ ቁጥሩን ስነግራቸው «የማን ስልክ ነው?» ይሉኛል።

ደብዳቤውን ሌላ ሰው ቢከፍተው ማን እንደሆንክ ይወቅ። ሁለቱን ቀዳዳ አጣምረህ የዊንዶውስ ሰርቨር የምትይዝ የጥቃት ዘዴ ነህ። አክቲቭ ዳይሬክተሪ የዊንዶውስ ቀበሌ ነው። ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ መዝገብ ይይዛል፤ ማን ማን ነው፣ ማን የት ይገባል። ሰው በስሙ ይመዘገባል። ኮምፒውተር ደግሞ ከስሙ መጨረሻ የዶላር ምልክት ይደረግለታል። የኛ ዋና ሰርቨር ስሙ ጣና ነው፤ መዝገቡ ላይ «ጣና$» ይባላል። ቢሮው ውስጥ ያለው ብቸኛ ዶላር እሱ ነው።

አንተ ታዲያ ተራ ዩዘር ሆነህ ትገባለህ። ከልካይ ከሌለ ተራ ዩዘር እስከ 10 ኮምፒውተር ማስመዝገብ ይችላል። (እኔ አንድ መታወቂያ ለማሳደስ ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ።) አንዷን «ታንኳ$» ብለህ ታስመዘግባለህ። ቀጥለህ ስሟን ለውጠህ «ጣና» ትላታለህ፤ ያለ ዶላር። ዶላሩ የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ የለም። በዚያ ስም ትኬት፣ ማለትም የመግቢያ ማረጋገጫ፣ ትቆርጣለህ። ትኬቱ እጅህ ሲገባ ስሟን መልሰህ ታንኳ ታደርገዋለህ።

ሁለተኛው መስኮት ላይ ትኬቱን ታሳያለህ። ዘበኛው ኬርቤሮስ ነው። ስሙ የመጣው በግሪኮች ተረት የሙታንን በር ከሚጠብቀው ባለ ሦስት ራስ ውሻ ነው። ሦስቱም ራስ መዝገቡን ቢያገላብጥ «ጣና» የሚል የለም። የለም፣ ተመለስ ይላል ስንል፣ ደግ አይደል፣ ራሱ ዶላር ጨምሮ ይፈልጋል። «ጣና$! ለካ እርስዎ ነዎት!» ታንኳ ገብታ ሐይቁን ሆና ወጣች።

ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ስንቱ ዶላር ፍለጋ ባንክ ደጅ ሲጠና፣ ላንተ ሳትጠይቅ ተጨመረልህ። ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አይገባም። እህቴ ስሟን ገብረ ማርያም ብታስብለው እንኳ፣ በሩ ላይ ያሉት አባት የሚያዩት ስሟን አይደለም።

ይቅርታ፣ እስካሁን አንተ እያልኩ ደፍሬያለሁ። ዋናውን ሰርቨር መስለው ከገቡ በኋላ የሁላችንም ፓስወርድ ሀሽ (ሰርቨሩ ፓስወርዱን ለውጦ የሚያስቀምጥበት ቅርጽ) በእጅዎ ነውና አንቱ ልበልዎ። ጠዋት ተላላኪ፣ ከሻይ ሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጅ። እንዲህ ያለ እድገት እኛ ቢሮ ያለ ዘመድ አይገኝም።

መጀመሪያ ያየሁዎት ሐይቁ ዳር ነው፤ ታኅሣሥ ላይ፣ ምሳ ሰዓት። ታናሽ ባልደረባዬ ላፕቶፑን ቆሮሶ ጥብሱ አጠገብ ከፈተ። ለመለማመጃ ሁለት ቨርቹዋል ማሽን፣ ላፕቶፑ ውስጥ የሚሠሩ የሶፍትዌር ኮምፒውተሮች፣ አለው። በአንድ እጁ እሾህ እየለቀመ በሌላው ይጽፋል። እኔ የዓሣዬን አንድ ጎን ሳልጨርስ «ጋሼ፣ አድሚን ሆንኩ» አለኝ። ሎሚው እጄ ላይ ቀረ።

እውነት ለመናገር ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ማይክሮሶፍት ፓቹን፣ የቀዳዳውን መድፈኛ፣ ያወጣው ጥቅምት 30 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። በወሩ ገደማ የእርስዎን ሥራ የሚሠራው ኮድ አደባባይ ወጣ። ፓቹን ልጫን፣ ሰርቨሩ ሪስታርት ይደረግ ብዬ አመለከትኩ። «ሥራ ይቆማል» ተባልኩ። የነቢያት ጾም ተይዞ ተፈታ፤ ፓቹ አልገባም። ዐቢይ ጾም ተያዘ፤ አልገባም።

ሰርቨሩ እኮ በየሳምንቱ ሪስታርት ይደረጋል! መብራት ነው የሚያደርገው። መብራት ሲሄድ ሊተካ የተገዛው ዩፒኤስ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ስኒ እናስቀምጥበታለን። መብራት ሲያጠፋው ሥራ አይቆምም። እኔ ላጥፋው ስል ይቆማል።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ሰኞ መብራት ሄደ። ሲመለስ ማንንም ሳላስፈቅድ ፓቹን ጫንኩ፤ ሪስታርትም አደረግኩት። «ሲስተሙ ምን አቆየው?» አሉ። «መብራት» አልኩ። አሜን ብለው ተቀመጡ።

ከሰዓት በኋላ ባልደረባዬ ታንኳን ጣና ሊላት ሞከረ። መዝገቡ «ዶላሩስ?» ብሎ መለሰው።

በል እንግዲህ፣ አንተ፣ ሰላም ሁን።

ግልባጭ፦
ለዩፒኤሱ
ባለበት