ጓሳ «ድንግል መሬት» አይደለም

«የመንዝ ጓሳ የሰው እጅ ሳይነካው የኖረ ድንግል ተፈጥሮ ነው» የሚለው ይታረም። በሰሜን ሸዋ ደጋ ያለው ይህ ጓሳ የሚባል ሣር የሚበቅልበት ሜዳ እዚህ የደረሰው እየታጨደ ነው! ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያስተዳደረው ቄሮ የተባለው የአካባቢው ባህላዊ የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ሜዳውን ከ3 እስከ 5 ዓመት ለአጨዳም ለግጦሽም ይዘጋው ነበር። ሲከፈት መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፤ ከብት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ከተገለበጠ ከብቱ ይረግጠውና ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ (ለዝናብ መከላከያ ካባ) የሚሆን ረጅም ሣር አይተርፍም። ከ3,200 ሜትር በላይ ባለው ውርጭ የጓሳ ሣር ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ በየዓመቱ ከታጨደ ይሳሳል፣ በሥሩ የሚጠለለው አይጥ ይመናመናል፣ አይጥ አዳኙ ቀይ ቀበሮም የሚበላው ያጣል። ጓሳን «የጠበቀው ሃይማኖታችን ነው» ለሚሉም፦ ቤተ ክርስቲያን ትልቅ ድርሻ ነበራት፣ ዘቡ ግን ባለመብቱ ገበሬ፣ የመንዝ አቅኚ አባቶች የሚባሉት የአስቦና የጌራ ዘር ነበር። በተዘጋ ጊዜ በታጨደ ሣር የተከደነ ቤት እስከ መቃጠል ይደርስ ነበር (ከባድ ቅጣት ነው፣ ግን ሣሩን አቆየው)። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ቄሮም አብሮ ፈረሰ፤ የጓሳ ሣርና ለማገዶ የሚፈለገው ጨረንፌ የተባለ ቁጥቋጦ ክፉኛ የተጎዱት ያኔ፣ ሜዳው ለሁሉም ክፍት ሲሆን ነው።