ጋርዲያን (ስለሱ እንዲወስንለት ፍርድ ቤት የሚሾመው ሞግዚት) የተሾመለት ሰው መምረጥ አይችልም?

ሰሞኑን "ፍርድ ቤት ጋርዲያን ከሾመለት በቃ መምረጥ አይችልም" የሚል ነገር ሲዞር እያየሁ ነው፣ ሜሪላንድ ላሉ ሰዎች ግን ይሄ ልክ አይደለም። እዚህ ጋርዲያን መሾሙ ብቻውን ድምፅ አያሳጣም። ዳኛው ለይቶ፣ በግልፅና አሳማኝ ማስረጃ፣ ሰውየው እርዳታ ተደርጎለትም እንኳን መምረጥ እንደሚፈልግ መግለፅ አይችልም ብሎ መወሰን አለበት። በአፉ ባይናገር በታብሌትም ይሁን በምልክት መግለፅ ይችላል፣ ስለ ፖለቲካ ፈተና የሚሰጠው የለም።

ግራ መጋባቱ የመጣው ከቨርጂኒያ ይመስለኛል፣ ድልድዩን ስትሻገሩ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዛ ትዕዛዙ ላይ በተለይ ካልተጠበቀለት የመምረጥ መብቱ አብሮ ይጠፋል።

ለማረጋገጥ ጋርዲያን የተሾመበትን የፍርድ ቤት ኦርደር አውጡና ስለ ምርጫ የሚል መስመር እንዳለ እዩ፣ ከዛ የስቴቱ ምርጫ ቦርድ ዌብሳይት ላይ ምዝገባውን ቼክ አድርጉ። በሱ ፋንታ መምረጥ አትችሉም፣ እሱ ከፈለገ ግን አጠገቡ ሆናችሁ ማገዝ ትችላላችሁ።

ይሄን ሁሉ የምለው አንዲት የማውቃት እናት በፖስታ የመጣውን የልጇን ባሎት (የድምፅ መስጫ ወረቀት) "ለሱ አይሆንም" ብላ ከፒዛ ኩፖኑ ጋር ስለጣለችው ነው።