የስሙኒ ሚካኤል

ለ2018 እንቁጣጣሽ እናቴ ቤት ሄጄ አሮጌ ሻንጣ ስበረብር አንድ ሥዕል አገኘሁ። የእጄ ሥራ ነው። ሚካኤል ሰይፍ ይዟል። ክንፉ አረንጓዴ ነው። ከሥሩ «እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገረዎ» ይላል። ዓመተ ምሕረት የለውም፤ ግን የ1990 ነው። ቀዩን ከለር ታናሽ ወንድሜ የበላው ያኔ ነው።

ያን ጊዜ ሴቶቹ አበባዮሽ እያሉ ይዞራሉ። ዘፍነው፣ አጨብጭበው፣ አደይ ሰጥተው ነው የሚከፈላቸው። እኛ ወንዶቹ ወረቀት አቀብለን ሰውን ዝም ብለን እናያለን። ዛሬ ቢሮ የምሠራው ሥራ ከዚያ ብዙም አይለይም።

አንዳንዱ ቤት ስሙኒ ይሰጣል፣ አንዳንዱ ሽልንግ፣ አንዳንዱ ዳቦ። የጎረቤታችን እትዬ ደግሞ ሥዕሉን ግድግዳቸው ላይ፣ ከጋዜጣው በላይ፣ በሊጥ ይለጥፉታል። የማን ልጅ እጁ እንደተሻሻለ፣ ማን ሰፈር እንደለቀቀ እዚያ ይነበባል። የቀበሌ መዝገብ እንኳ እንደዚያ የተሟላ አልነበረም።

አንድ ዓመት ሚካኤልን በጎን ሣልኩት። ሁለተኛው ዓይን አልስተካከል ብሎኝ እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። እትዬ ወደ ብርሃን አስጠግተው አዩት። ለካ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል የጻድቅ ሁለቱም ዓይኖች ይታያሉ፤ በአንድ ዓይን የሚሣሉት ሰይጣንና ወገኖቹ ናቸው።

«ልጄ፣ ይኼ ሚካኤል አይደለም። ከእግሩ ሥር ያለው ነው» ብለው መለሱልኝ። ዳቦ ግን ሰጡኝ።

ከዚያ ወዲህ ወደ ካርቦን ዞርኩ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ከአንድ የግድግዳ ካላንደር ነበር የሚገለብጠው። ጠዋት ቤት ለቤት የሚዞሩት መላእክት ሁሉ የአንድ እናት ልጆች ይመስሉ ነበር።

ዋናው ተንኮል ግን ጽሑፉ ላይ ነው። ወንጌላውያኑ አራት ናቸው፤ ዓመቱ በየተራ ይደርሳቸዋል። 1990 ማርቆስ ከሆነ 1994ም ማርቆስ ነው። ስለዚህ ያልተሸጠ ሥዕል አይጣልም፤ ተራው እስኪደርስ ፍራሽ ሥር ይተኛል። ዓመተ ምሕረት የሚጽፍ ልጅ ንግድ አያውቅም።

በጣቴ ቆጠርኩ። 2018ም የማርቆስ ነው!

አቧራውን አራግፌ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በሁለት እጄ ለእናቴ አቀረብኩላት። መነጽሯን አድርጋ አገላብጣ አየችው።

«ለዚህማ ከፍያለሁ» ብላ መለሰችልኝ።