እንድታይ ማን አዘዘህ?

ጉዴን ስሙኝማ። አሁን ገና ቤት መግባቴ ነው። ጭቃው ምንጣፉ ላይ ነው፣ ባለቤቴ አይታ ዝም ብላለች። ዝምታዋ ራሱን የቻለ ሌላ ፖስት ይወጣዋል።

ዛሬም ልጄ ጌሊክ ፉትቦል የሚጫወትበት ሜዳ ላይ የጎል ዳኛውን ነጭ ጋዋን አለበሱኝ።

ለምን እኔን? ቀድሜ ስለደረስኩ! ዕድሜ ልኬን "የሐበሻ ቀጠሮ" እየተባልኩ ኖሬ፣ ባሕር ተሻግሬ አየርላንድ ገብቼ ሰዓት አክባሪ ብሆን ቅጣቱ ይኼ ሆነ። ሦስተኛው ቡና ሳይቀዳ ነው የወጣሁት። ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ሜዳው በር ላይ ቆሜያለሁ። አሠልጣኙ ከመኪናው ኋላ ጋዋን አወጣና "አንዴ ታግዘናለህ?" አለኝ። እሺ ከማለቴ የጎል ዳኛ ሆኛለሁ። ጋዋኑ ክርኔ ላይ ነው የሚያልቀው። ቁርጥ ሥጋ ቤት! ሩብ ጥብስ፣ ሩብ ጥሬ ብሎ ያዘዘኝ ሰው አለመኖሩ ነው የገረመኝ።

ጌሊክ ፉትቦል ምንድነው ብላችሁ ኮሜንት ላይ እንዳትጠይቁኝ፣ ዛሬ ትዕግሥት የለኝም። በእጅም በእግርም ነው፣ አለቀ። መረብ ውስጥ ከገባ ሦስት ነጥብ፣ አረንጓዴ ባንዲራ ታነሣለህ። ከአግዳሚው በላይ በሁለቱ ዘንግ መሃል ካለፈ አንድ ነጥብ፣ ነጭ ታነሣለህ። በፈረንጆቹ 2025 ደግሞ አዋቂዎቹ ከሩቅ ሲያገቡ ሁለት ይቆጠርላቸው ተባለና ብርቱካናማ ተጨመረ። አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ብርቱካናማ። የአገራቸውን ባንዲራ ቆራርጠው ነው ያስያዙን።

እንግዲህ የልጆች ጨዋታ ነው። ከ14 ዓመት በታች። ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ሲቀረው እኩል ነን። የእነሱ አንድ ቀጭን ልጅ ከጥግ መታት። ከአትላንቲክ የሚመጣው ነፋስ ኳሷን ወዲያ ወሰዳት፣ ወዲህ መለሳት፣ በዘንጉ ውስጠኛ በኩል አለፈች። ከአናቴ በላይ! እኔ ቀና ብዬ እያየሁ! ነጩን አነሣሁ። ምን ላድርግ?

ሰሌዳው 2-07 ለ1-11 ይላል። ፊተኛው መረብ የገባው ነው፣ ኋለኛው ነጥብ። ፊተኛውን በሦስት አባዙት፣ ደምሩት፦ 13 ለ14። ተሸነፍን።

ከጎሉ ጀርባ፣ አጥሩ ላይ ተደግፈው የሚቆሙ አንድ ሽማግሌ አሉ። ኮፍያቸውን አውልቀው አያውቁም። ጠሩኝ።

"አንተ የማን ወገን ነህ?"

"የእኛ ነኛ!" አልኩ ደረቴን ነፍቼ። "እኛ" ለማለት ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ እናንተ ታውቃላችሁ።

"ታዲያ ያንን ባንዲራ ምን አስነሣህ?"

"ገብቷል እኮ። አየሁት።"

"እንድታይ ማን አዘዘህ?"

በቃ። ይኼው ነው። ሰው ሁሉ ሰማ። አንዲት እናት ሳቋን በሻይ ኩባያ ሸፈነች። እኔ ደግሞ ምላሴ ታሰረ፤ መልስ የሚመጣልኝ ሁሌም መኪና ውስጥ ነው። አሠልጣኙ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ግራንድ ነህ" አለኝ፣ ምንም አልሆንክም ማለቱ ነው። እዚህ አገር ቤትህ ቢቃጠልም ግራንድ ነህ።

የሚያንገበግበኝ ምን መሰላችሁ? በወዲያኛው ጎል የእነሱ አንድ አባት ነበር። የእኛን ሁለት ኳስ ዓይኑ እያየ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ "ወጣ" ብሏል። ያን ሰውዬ ማን ተናገረው? ማንም! ሻይ ቀዱለት! ኬክ ጨመሩለት!

ልጄም መኪና ውስጥ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ባባ፣ ያኔ ብታስነጥስ እኮ እኩል እንወጣ ነበር።"

ደግሞ ሜዳው። የእግር ኳስ ሜዳ 105 ሜትር ይበቃዋል፣ ይኼኛው ቢያንስ 130 ነው። ከጎሉ ጀርባ ሳማ በቅሏል። ኳስ ሳማ ውስጥ ስትገባ ማን ያወጣል? ጋዋን የለበሰ። እጄ እስካሁን ያቃጥለኛል። የመብራቱንማ ተዉት። ልጄ ስምንት ዓመት ሳይሞላው ጀምሮ "ለሜዳው መብራት" እየተባለ በየሳምንቱ 2 ዩሮ ሎተሪ እቆርጣለሁ። መብራቱም የለም፣ ሎተሪውም አይደርሰኝ።

"ለምን ለአለቃቸው አትነግርም?" የምትሉ አላችሁ። የትኛው አለቃ! ደሞዝ የሚበላ የለም እኮ። ደብሊን ትልቁ ስታዲየም፣ ክሮክ ፓርክ፣ 82,300 ሰው ፊት የሚጫወቱት እንኳን ሰኞ ጠዋት አስተማሪው ወደ ክፍሉ፣ ገበሬው ወደ ላሞቹ ነው። ሁሉም በነፃ ስለሚሠራ ማንም ላይ መጮህ አይቻልም። አምና ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ፣ ሽንት ቤቱ በጨዋታ ቀን ለምን ይቆለፋል አልኩ። "እውነቱን ነው" ተባለ፣ ተጨበጨበ፣ ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ። እድር ውስጥ እንኳን እንዲህ ተሸውጄ አላውቅም። አሁን ዝናብ ሲጥል የሰው ሁሉ ፊኛ የእኔ ኃላፊነት ነው።

ሌላ ክለብ ውሰደው እንዳትሉኝ ደግሞ። ክለቡ በአጥቢያ ነው። የምትኖርበት ደብር የምትጫወትበት ነው። ቤት ካልቀየርኩ ጋዋን አልቀይርም።

ቤት ስመርጥ ደግሞ ማዮ! ከ1951 ወዲህ የአየርላንድን ዋንጫ ያላነሣ ክፍለ አገር። ከዚያ በኋላ 11 ዓመት ፍጻሜ ደርሰው ተሸንፈዋል። ያኔ ቡድኑ ዋንጫ ይዞ ሲመለስ ቀብር አይቶ ስላልቆመ ቄስ ረግሟቸው ነው እያሉ ያወራሉ። እኔ ርግማን ፈርቼ ያደግኩ ሰው፣ ዓለም ሁሉ ተዘርግቶልኝ ረግረጋቸው መሃል መጣሁ። እኚያ ሽማግሌ የተናደዱት በእኔ አይደለም፣ ይገባኛል። ንዴታቸው የ1951 ነው። ግን ለምን በእኔ ይወጣል?

አሁን ስልኬ ጮኸ። የወላጆች ግሩፕ ነው። "ነጩን ጋዋን ያየ አለ?"

ጋዋኑ ከጭቃው ጋር መኪናዬ ኋላ ወንበር ላይ ነው። መልእክቱን አይቼዋለሁ፣ ማየቴም ይታያቸዋል። አልመለስኩም።